የራውያ ልክ

ሐምሌ 4 ቀን 2016፣ ገዳሪፍ

ይህ ደብተር የልብስ ልክ የምጽፍበት ነው። ከፊት በኩል የደንበኞች ስም፣ ደረት፣ ወገብና ቁመት ሞልቶበታል። ከዛሬ ጀምሮ ከኋላ በኩል የራሴን ነገር ልጽፍበት ነው፤ ለሰው የማይነገር ሲበዛ ወረቀት ይሻላል። አባየ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በሰባ ሰባቱ ረሃብ በመተማ በኩል ወዲህ ሲሻገር ይዞት የመጣው ንብረት ፊደል ብቻ ነበር። ትምህርቴ በዐረብኛ ቢሆንም እሱ አስቀምጦ ሀሁን አስቆጥሮኛል። በዚህ ቤት ከእኔ በቀር አማርኛ የሚያነብ ስለሌለ ደብተሩን መደበቅ እንኳ አያስፈልገኝም።

ዛሬ የኸይረዲን ወገኖች እህቴን ራውያን ሊጠይቁ መጡ። ራውያ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። በአሥራ አምስት ዓመት ስለምበልጣት ግማሽ እናቷ ነኝ። ካርቱም ትማር ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ ከሰፈር ሰፈር፣ ከከተማ ከተማ ስትንከራተት ቆይታ እዚህ ስትደርስ፣ በሩን የከፈትኩላት እኔ አላወቅኋትም። ዓመት ሙሉ ስናበላት ከርመንም ሥጋ አልያዘችም። ኸይረዲን ባሱንዳ ሰሊጥ ያርሳል፤ እንደኛው ከወዲያ የመጡ ሰዎች ልጅ ነው። ልጁ ይወዳታል። እሷም ስሙ ሲነሳ ጆሮዋ ይቀላል።

እናቱ ሐጃ ዘምዘም ናት። ሻይ ይዤ ስወጣ ረኩባ የምንለው የሣር ዳስ ጥላ ሥር ሆና ለእህቷ ስትነግራት ሰማሁ።

«ልጅቱስ ጨዋ ናት። ግን እንጨት ናት፣ ወላሂ። ልጄ ሚስት እንጂ አጥር አላገባም። እስከ ኅዳር ሥጋ ካልለበሰች የጎረቤታችን የአደም ልጅ አለችለት።»

ፈገግ ብዬ ሻዩን አቀረብኩ። ስኳሩንም አማሰልኩላት። የእኔ ጀግንነት እስከዚህ ድረስ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ራውያ ሜትሬን ከስፌት ማሽኑ ላይ አንስታ መጣች።

«እታለም፣ ልኬን ውሰጅኝ።»

እሷም መስማቷን በዚህ አወቅሁ። ደረት 76፣ ወገብ 57፣ ዳሌ 81፣ ክንድ 21። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ስጠራ ከንፈሯን ነከሰች። ሁለተኛ በልቤ ነው የምቆጥረው።

ሐምሌ 10

እማየ መዲዳ ጀምራለች። መዲዳ ሱዳኖች ሙሽራ የሚያደልቡበት የአብሽና የወተት ገንፎ ነው፤ ቅቤና ስኳር ይፈስበታል። ራውያ ሦስት ማንኪያ ትውጥና ፊቷን ታዞራለች። «ኸላስ እማየ፣ ማ በግደር» ትላለች፤ ሲጨንቃት ዐረብኛዋ ይቀድማል፣ አልችልም ማለቷ ነው። ሆድ በጥቂቱ መኖር ከለመደ የሞላ ሳሕን ያስፈራዋል። ከራሴ አውቀዋለሁ።

እኔን ማንም አላደለበኝም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ለዩኑስ ሲድሩኝ ክንዴ እንደዛሬው የራውያ ክንድ ነበር። የወር አበባየ በዓመት ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ነው ብቅ የሚለው። ዩኑስ አራት ዓመት ልጅ ጠበቀ፤ ከዚያ በጨዋ ደንብ ወደ አባየ ቤት መለሰኝ። እናቱ «ከደረቅ መሬት ዘር አይበቅልም» ማለቷን ከጎረቤት ሰማሁ። እኔ ሁልጊዜ ከጎረቤት ነው የምሰማው።

ራውያ ላይ ይህ አይደርስም።

ሐምሌ 18

ራውያ የሚያወፍር ክኒን አግኝታለች። ገበያ ውስጥ ሽቶና የሙሽራ ቅባት ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ ጋ ነው የተገኘው። አቡ ነጅማ ይሉታል፣ ባለ ኮከቡ እንደ ማለት። ካርቶን የለውም፤ በላስቲክ ተቋጥሮ ይሸጣል። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት። ገዳሪፍ ውስጥ ያልዋጠው ሙሽራ የለም አለች ሻጯ።

እኔ ምንም አላልኩም። ራውያ ትልቅ ሰው ናት፤ የምታደርገውን ታውቃለች። እማየ እንዳትሰማ ብቻ ተባብለናል።

ነሐሴ 3

በላች! ሙሉ ሳሕን ፉል በሰሊጥ ዘይት ጠረገች፤ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ «ምን የሚበላ አለ?» ብላ ድስት ስትከፍት አገኘኋት። የኔን ድርሻ ሰጠኋት፤ አልራበኝም ነበር።

ወገብ 62፣ ዳሌ 84። ጉንጯ ሞልቷል። እማየ መዲዳው ነው ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ታወራለች፣ ተውኳት። ኸይረዲን ከባሱንዳ ደውሎ ፎቶ ላኪልኝ ብሏት፣ ራውያ ሦስት ጊዜ ሻሿን ቀይራ ተነሳች። በዓመት ውስጥ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። እኔም ዛሬ ማሽኑ ላይ ሳንጎራጉር እማየ «ምን አገኘሽ?» አለችኝ።

ነሐሴ 12

ዝናብ። ለቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ተማሪዎች የምሰፋው ዩኒፎርም አርባ ቀርቶኛል። ቢያልቅም ማን ያደርሰዋል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ኮሌራ ገብቷል ይላሉ። ውሃ አፍልተን እንጠጣለን።

ራውያ ጥማት በዝቶባታል። ጆግ ሙሉ ትጨርሳለች። ሌሊትም አትተኛም፤ ስትንጎራደድ እሰማታለሁ። የሰርግ ሐሳብ ነው።

ወገብ 66።

ነሐሴ 24

ጎረቤታችን እትየ አሰፋች ዛሬ መጥታ ራውያን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እረግ! ጨረቃ መስላ የለም እንዴ! ምን ሰጣችኋት? ያችን የኔዋን ቀጫጫስ ምን ባደርጋት ይሻላል?» ልጇን ከጥምቀት በኋላ ልትድር ነው። ከየት እንደሚገዛ በጆሮዋ ነገርኳት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይሉ የለ፣ ሰፈሩ በሙሉ ክኒን ሊውጥ ነው ብዬ ለራውያ ስነግራት ሳቅን።

ከዚያ ለኒካሑ የምሰፋላትን ቀሚስ ልለካባት አቆምኳት።

እኔ ሃያ ዓመት ሰው ስለካ ኖሬአለሁ። ሰው ሲወፍር ሁለመናው አብሮ ይወፍራል፤ ጣቱ እንኳ። የራውያ ወገብ 71 ሆኗል፤ ክንዷ ግን 20 ነው። ቀንሷል። ሁለቴ ለካሁት። ከአንገቷ በስተኋላ፣ ትከሻና ትከሻዋ መካከል፣ የእንቁላል ያህል ሥጋ አብጧል፤ አንገትጌው አልተኛ አለኝ። ቀሚሱን ስታወልቅ ደግሞ ሆዷ ላይ ቀያይ ሰንበር አየሁ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ። «ቆዳየ ተለጥጦ ነው» አለች። አገጯ ላይ የበቀለውን ጸጉር ባለፈው ሳምንት በክር አንስቼላት ነበር፣ ተመልሶ መጥቷል።

ከወንበር ስትነሳ እጇን ጉልበቷ ላይ ተደግፋ ነው፤ እንደ አሮጊት።

አንገትጌውን ሰፋ አድርጌ ቆረጥኩት።

ጳጉሜን 2

እማየ ማሽኑ አጠገብ መጥታ ቆመች። አንድ ነገር ሊወጣት ሲል ሁልጊዜ መጀመሪያ የወደቀ ክር ትለቅማለች። ለቀመችና፣

«ይች ልጅ ስንት ወሯ ነው ጨርቅ ካጠበች?» አለችኝ።

እግሬ ፔዳሉ ላይ ቀረ።

«እኔ እናት ነኝ፣ ዙሌካ። ሆዷን አያለሁ። ቀሚስ የምትሰፊው አንች ነሽ፤ ሳታይ ቀርተሽ ነው? የአባትሽን ስም ከመቃብር አውጥታ ልታሰድበው ነው?»

ለራውያ ነገርኳት። ቁርኣን አምጭልኝ አለች። «ወላሂ እታለም፣ እጄን እንኳ ነክቶኝ አያውቅም» ብላ ስታለቅስ እንባዋ ባበጠው ጉንጯ ላይ ተዘርግቶ ይፈሳል። አመንኳት። ሁለት ወር ሊሆነው ነው አለች፤ ክኒኑን ልትጀምር አንድ ሳምንት ሲቀራት የመጣው ነው የመጨረሻው።

ለእማየ «ክብደት ድንገት ሲጨምር ያዛባል» አልኳት። ዐይኗን ሳላይ ነው የነገርኳት። እማየ እንዳላመነችኝ ከአረማመዷ ታወቀኝ።

እኔ ነኝ ማየት የነበረብኝ። እኔ ነኝ ያየሁት። አይቼ አንገትጌ ሰፋሁ።

መስከረም 1 ቀን 2017

ብፅአት የምትባል ነርስ አለች። ከሑመራ ሸሽታ የመጣች የትግራይ ልጅ ናት፤ ቱነይድባ መጠለያ ሕክምናው ውስጥ ትረዳለች። ዩኒፎርም ሳደርስ ተዋውቀን ወዳጅ ሆንን። አምና የራሴን ጉድ ነግሬያት፣ «አንቺ ደረቅ አይደለሽም ዙሌካ፣ የተራብሽ ነሽ» አለችኝ። ሰውነት ስንቁ ሲያልቅበት መጀመሪያ የሚዘጋው የልጁን ቤት ነው አለች። ሆርሞን የሚባል ነገር አለ፤ ምግብ ሲያንስም፣ ያለ ልክ ሲበዛም፣ ጭንቀት ሲጨመርበትም ሚዛኑ ይዛባል አለች። እኔ ሆርሞን ለፈረንጅ ላም የሚወጉት ነገር ይመስለኝ ነበር። «ላሟም ሴት ናት እኮ» ብላ ሳቀችብኝ። እንቁላል ብይ፣ ምስር ብይ፣ ሰኞና ሐሙስ የምትጾሚውን ተይው፣ ምሳ አትርሺ ብላ መከረችኝ። እሽ ብዬ ተመለስኩ። ካደረግሁት አንዱም የለም።

አምና ይህን ሁሉ ሰምቼ ዘንድሮ ለራውያ አንዲት ቃል አላነሳሁላትም። ለምን?

ዛሬ ሰባት ጊዜ ደወልኩላት። ኔትወርክ የለም።

መስከረም 4

ብፅአት ራሷ ደወለች! ኔትወርክ ለማግኘት ከመጠለያው ወጥታ ጉብታ ላይ መቆሟን ነገረችኝ፤ ንፋሱ ይሰማል። ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩላት። ፊቷን፣ አንገቷን፣ ሰንበሩን፣ ደሟ መቅረቱን።

«ስንት ጊዜ ወሰደችው?»

«ሁለት ወር ሊሞላ ነው።»

«ዋይ አነ! አዳምጭኝ ዙሌካ። እሱ መርዝ ነው፤ ሆርሞን ነው፣ ሰው ያለ ሐኪም አይወስደውም። የራሷ ሰውነት...» ከዚህ በኋላ ስልኩ ይንሿሿ ጀመር። «...ቁረጭላት...»

«አልሰማሁሽም!» ብዬ ጮህኩ።

«ክኒኑን ቁረጭላት! ባንዴ...»

ጠፋች። እስኪመሽ ስደውል ዋልኩ፣ የለችም። ግን የምፈልገውን ሰምቻለሁ። ቁረጭ ብላለች፣ ባንዴ ብላለች። ላስቲኩን ከራውያ ትራስ ሥር አውጥቼ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ራውያ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ እንደ ታላቅ እህት ሆንኩ። ዛሬ ጥሩ እንቅልፍ እተኛለሁ።

መስከረም 7

ራውያ ሰውነቷ ዛለ። መገጣጠሚያየን አመመኝ ትላለች። ምግብ ሸሸች፤ እንቁላል ቀቅየላት በእጇ ይዛ ቁጭ አለች፣ አልላጠችውም። መርዙ ሲወጣ ነው። ሲጋራ የሚተው ሰውም እንዲህ ይሆናል ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

«እታለም፣ ሁለት ብቻ። ዛሬን ብቻ። ተነስቼ ልቆም አልቻልኩም።»

«የለም። ጉድጓድ ገብቷል።»

«አንች ታውቂያለሽ የት እንዳለ።»

«አላደርገውም፣ ራውያ። ስለምወድሽ ነው።»

ጸንቼ ቆምኩ። ፊቴን ወደ ማሽኑ አዙሬ ስሰፋ ቆየሁ፣ ዞር ስል ሄዳለች።

መስከረም 10

ታዞራታለች። ከአልጋ ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። ጨው አማራት፤ ጨው በመዳፏ ይዛ ትልሳለች። እማየ ጨው ሲያምራት ስታይ በእርግዝናው ላይ ያላት ጥርጣሬ ባሰባት፤ ከእኔም ከእሷም ጋር አትነጋገርም። ብፅአት አትገኝም። የኸይረዲን ስልክ መጥቶ ራውያ አላነሳችም።

ነገ ካልተሻላት ሐኪም ቤት።

መስከረም 12

ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች። ጠዋት በሪክሻ ወሰድናት። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ትውከት ሲሰሙ ሌላ ጥያቄ የላቸውም፤ ወደ ኮሌራው ድንኳን አስገቧት። እማየና እኔን ከገመዱ ወዲህ አስቀሩን። ግሉኮስ ሰቀሉላት። ወጣቱ ሐኪም ወጥቶ «ተቅማጥ አላት?» አለኝ። የለም አልኩት። ግንባሩን ቋጠረ፤ «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?»

እማየ አጠገቤ ነበረች።

«የለም» አልኩት።

እውነቴን ነው። ከወሰደች ስምንት ቀኗ ነው።

መስከረም 13

ራውያ ዛሬ ረፋድ ላይ ሞተች።

መስከረም 17

በኮሌራ ነው ብለው እንድናጥባት አልፈቀዱልንም። ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች በክሎሪን ረጭተው ከፈኗት። እማየ «እኔ ነኝ የወለድኋት፣ እኔ ላጥባት» ብላ ጭቃው ላይ ወደቀች። ቀባሪው ከአሥር አይበልጥም ነበር፤ ሰው ፈርቷል። ኸይረዲን ከባሱንዳ በትራክተር መጣ። አፈሩ ከለበሰ በኋላ ነው የደረሰው። ራሱን በጥምጥሙ ሸፍኖ መቃብሩ ራስጌ ተቀመጠና ሰዎች ደግፈው እስኪያነሱት አልተነሳም።

ለቅሶ ቤቱ ዛሬ ትንሽ ሰው አለው። እማየ ሐጃ ዘምዘምን ትረግማለች። ክኒኑን ራውያ እንደወሰደች እኔ ነኝ የነገርኳት፤ ስለ እርግዝናው ልጇን ጠርጥራ እንዳትቀር ብዬ። እማየ ያን ስትሰማ ሁሉንም ነገር ሐጃ ላይ ጣለች። «ልጄን በምላሷ ነው የበላቻት። እንጨት አለቻት። ማኅፀኗ ይንደድ፣ ቤቷ ይዘጋ።» ሴቶቹ አሚን ይላሉ። እኔም ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ።

አንድ ነገር ልጻፍ። ክኒኑን ራውያ አላገኘችውም። እኔ ነኝ የገዛሁት። ሐጃ ዘምዘም በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ ሥራ ትቼ ገበያ ሄጄ፣ የሙሽራ እህት ነኝ ብዬ፣ ከሁሉ የሚፈጥነውን ስጭኝ ብዬ ገዛሁት። ራውያ ፈርታ ነበር። «ምንም አያደርግሽም» አልኳት። ማንም በማያነበው ደብተር ላይ እንኳ ዋሽቼ ጽፌአለሁ።

መስከረም 20

ብፅአት መጣች። ከቱነይድባ ሁለት ቀን ሙሉ በትራክተርና በእግር፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ። መሞቷን አልሰማችም ነበር። በሩ ላይ የተነጠፈውን ምንጣፍና የተቀመጡትን ሴቶች አይታ ቆመች።

ወደ ማሽኑ ክፍል ይዣት ገባሁ።

«በግማሽ ቆረጥሽላት?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ክኒኑን። ሁለት የነበረውን አንድ ተኩል፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ግማሽ። ነገርኩሽ እኮ፤ ክኒኑን ቁረጭላት፣ ባንዴ እንዳታቆሚባት አልኩሽ።»

ወንበር ፈልጌ አጣሁ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ብፅአት ሁሉን ገባት። ከአጠገቤ ተቀምጣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ከኩላሊት በላይ ትንሽ ዕጢ አለች፤ ሰውነት ሲደክም፣ ሲታመም፣ ሲደነግጥ ደግፎ የሚያቆመውን ሆርሞን የምትሠራ እሷ ናት። ያንን ሥራ ክኒኑ ሲሠራላት ትተኛለች። ወራት ከተኛች በኋላ ክኒኑ ድንገት ቢቀር ቶሎ አትነቃም፤ በየሳምንቱ እየቀነሱ ነው የሚቀሰቅሷት። ያለዚያ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ጨው ያምራል፣ ያስመልሳል። ሐኪሙ ቢያውቅ አንዲት መርፌ ነበረች አለች።

ሐኪሙ ጠይቆኝ ነበር አላልኳትም።

«አንቺ አይደለሽም፣ ስልኩ ነው» አለችኝ። ደግ ናት። ለሐኪም የሚታይ ነገር በዚህ ደብተር ላይ በእንግሊዝኛ ጻፈችልኝ፤ ሌላ የምትወስድ ልጅ ካወቅሽ ይህን ይዘሽ ሩጭ አለች። አመሻሹ ላይ ቁረይሻ ወዳለች ዘመዷ ሄደች።

ራውያ እግሬ ሥር ተቀምጣ ለምናኝ ነበር። ሰውነቷ አውቆ ነው የለመነኝ። እኔ ሱስ መስሎኝ ጸናሁ፤ ጸናሁ ብዬም ጻፍኩ።

መስከረም 21

ለቅሶ ቤቱ ዛሬ ሞላ፤ ኮሌራ አይደለም የሚለው ወሬ ተሰራጭቷል። ክኒን ነው የገደላት ይላሉ። ሴቶቹ ሁሉ ክኒኑን ይረግማሉ። እትየ አሰፋች በሴቶቹ መካከል ተነስታ፣ «እኔስ ትናንት በእጄ እሳት ውስጥ ጨመርኩት! ልጄን አላህም እግዜርም አዩልኝ» አለች። ሴቶቹ መረቋት። አንዲት ወጣት ደግሞ «እኔም ቤት ስገባ ጉድጓድ ነው የምጨምረው» አለች።

አፌን ከፈትኩ። እማየ አጠገቤ ነበረች። ዘጋሁት።

የእትየ አሰፋች ልጅ ክኒኑን ከጀመረች ስንት ሳምንት ሆነ? ነሐሴ መጨረሻ ነው የነገርኳት። ወር አልፎታል።

ውሃ አቀረብኩ፣ ሳሕን አጠብኩ። ሁሉም ሄዱ።

ልጅቱ ወጣት ናት፣ ምንም አትሆንም። ምናልባት የራውያ በዝቶ ነው። ምናልባት።

መስከረም 22

ጎሕ ሲቀድ ሄድኩ። እትየ አሰፋች በር ስትከፍት ፊቴን አይታ ደነገጠች።

«ልጅሽ እንዴት ናት?»

«ደክሟት ተኝታለች፤ አመመኝ ትላለች። መርዙ ሲወጣ ነው...»

«ሐኪም ጋ እንሂድ። አሁን።»

«ምን ሁነሽ ነው? ክኒኑን ጥየዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

«መጣሉ ነው የሚገድለው። ራውያን ክኒኑ አይደለም የገደላት። እኔ ባንዴ ስለነጠቅኋት ነው። ሁለት ብቻ ስጭኝ ብላኝ ከለከልኳት። ሐኪሙም የምትወስደው አለ ወይ ብሎኝ የለም አልኩት።»

የተናገርኩት በቁሜ ነው፤ ደጃፍ ላይ፣ ጎረቤቱ እየሰማ። እትየ አሰፋች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ከዚያ ሻሿን አንስታ ልጇን ቀሰቀሰች። ልጅቱ ስትቆም ግድግዳውን ያዘች፤ እኔ ያንን አያያዝ አውቀዋለሁ።

ለሐኪሙ ደብተሩን ከፍቼ የብፅአትን ጽሑፍ አሳየሁት። ሌላኛው ሐኪም ነው፤ ያኛው ቢሆን ኖሮ እንዴት አየው ነበር አላውቅም። አነበበ፣ የደም ግፊቷን ለካ፣ ወዲያው መርፌ ወጋት። ክኒንም ሰጣት፤ በየሳምንቱ እየቀነሰች እንድትውጠው በወረቀት ጽፎ። «ዛሬ ባትመጡ...» ብሎ ተወው። ልጅቱ ወደ ማታ ላይ ሾርባ ጠጣች።

ለሌላይቱ ወጣትም ሰው ልኬአለሁ። ገና አልጣለችውም ነበር።

መስከረም 23

እማየ ከእኔ ሳይሆን ከጎረቤት ሰማች። እኔ ሁልጊዜ ከጎረቤት ስሰማ ኖሬ እናቴን በተራዋ እንደዚያው አደረግኋት።

ስገባ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣለች። ሰላም አልኳት።

«ማን ገዛው?» አለችኝ።

«እኔ።»

«ማን ከለከላት?»

«እኔ።»

አላለቀሰችም። እጆቿን አገላብጣ ታያቸዋለች።

«አሥር ቀን ሙሉ ያችን ሴት ስረግም አጠገቤ ተቀምጠሽ ሰማሽኝ። ማኅፀኗ ይንደድ ስል። አንድ ልጇ ነው ኸይረዲን። ልጇን ነው የረገምኩት።»

«እማየ፣ አውፍ በይኝ።»

«ለኔ አይደለም። ባሱንዳ ሂጅ። ለሐጃ ዘምዘም የሠራሽውን በአፍሽ ንገሪያት፤ የኔንም እርግማን አውፍ በይ በያት። እስክትመልሽልኝ ድረስ አታነጋግሪኝ።»

ነገ ጠዋት የሚሄድ ትራክተር አግኝቻለሁ። ኸይረዲንም እዚያው ይኖራል፤ ለእሱም መንገር አለብኝ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ቢመቱኝ እመታለሁ። ከሁሉ የምፈራው ሳይመቱኝ ቢቀሩ ነው።

ይህን ስጽፍ እማየ ጓዳ ውስጥ ድምፅ ታሰማ ነበር። አሁን ወጥታ አንድ ቋጠሮ በሩ አጠገብ አስቀምጣ፣ እኔን ሳታይ ተመልሳ ገባች። ፈትቼ አየሁት። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦና ተምር ነው። እህቷን የገደለች ልጅ ነኝ፤ እናቴ እንዳይርበኝ ስንቅ ቋጠረችልኝ።